«200 ባር» የተጻፈበት ሳጥንና የደጀን ውሃ

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ሽቅብ ደጀን የወጣ መኪና ምን መስሎ እንደሚደርስ በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል። በበጋ አቧራ ለብሶ፣ በክረምት በጭቃ ተለስኖ፣ ሞተሩ እንደ ምጣድ ግሎ ነው የሚደርሰው። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚታጠፈውም፣ በሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚቀጥለውም መታጠብ ይፈልጋል። እዚያ መኪና ማጠብ ቅንጦት አይደለም፤ ሥራ ነው። ከጣሊያንኛ የወረስነው «ላቫጆ» የሚለው ቃል በየመንገድ ዳር ከተማው የስንት ወጣት እንጀራ የሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ማሽኑ ከላቫጆው እየወጣ ወደ ግቢ እየገባ ነው። ባጃጅ ያለው፣ አይሱዙ ያለው፣ ግቢውን ድንጋይ ያነጠፈ፣ ዶሮ የሚያረባ ሰው ትንሿን የቤት ማጠቢያ ማሽን ይመኛል። መመኘቱ ነውር የለውም። ነውሩ ያለው በአሻሻጡና በአገዛዙ ላይ ነው። ማሽን መመረጥ ያለበት በሳጥኑ ላይ በታተመው የግፊት ቁጥር ሳይሆን በሚገባበት ከተማ ውሃ፣ በሚሰካበት መብራትና በሚገኝለት መለዋወጫ ነው። ይህን የሚደብቅ ሻጭ እያታለለ ነው። ይህን ሳይጠይቅ የሚገዛም ገንዘቡን እየጣለ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው።

ጡረታ የወጡ አንድ የደጀን መምህር አሉ እንበል። ልጃቸው በባጃጅ ይሠራል። መምህሩ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ ጎራ ይላሉ። ሻጩ ወጣት ነው፤ ወንበር ያቀርብላቸዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ 200 ባር ነው። ሲሚንቶ ይልጣል!»

«ያኛውስ፣ ልጄ?»

«እሱ 110 ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ምን አደከመዎት? ትልቁን በርካሽ ይውሰዱ እንጂ።»

መምህሩ ሲሚንቶ የመላጥ ሐሳብ አልነበራቸውም። ባጃጅ ማጠብ ነው የፈለጉት። ግን 200 ከ110 ይበልጣል፤ ይህን ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ገዙ። በሁለተኛው ወር ማሽኑ ይጮኻል እንጂ ውሃ አይገፋም። ሰፈር ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከፍቶ አየና «ዲናሞው ደህና ነው፤ የፓምፑ ጎሚኒ አልቋል። ዕቃው ግን የለም» አላቸው። ማሽኑ ግቢ ጥግ ገባ፤ ላዩ ላይ ዶሮ ሰፈረበት።

መምህሩ የፈጠራ ሰው ናቸው። ዶሮ የሰፈረበት ማሽን ግን አንባቢ በራሱ ግቢ ወይም በጎረቤቱ ሳያይ አይቀርም።

በ600 አካፍሉ

ሻጩ ለመምህሩ ያልነገራቸው፣ እሳቸውም በአንድ ደቂቃ ሊደርሱበት ይችሉ የነበረ ሒሳብ አለ።

በሳጥኑ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ ግፊቱ በባር፣ የውሃው መጠን በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ የሞተሩ ኃይል በዋት። ሦስቱ የተሳሰሩ ናቸው። ባሩን በሊትሩ አባዝቶ ለ600 ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ውጤት ውሃውን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኪሎዋት ነው። በሙቀትና በሰበቃ የሚባክን ኃይል ስለማይጠፋ የሞተሩ ቁጥር ከዚህ ከፍ ማለት አለበት።

ሳጥኑ «200 ባር፣ በደቂቃ 10 ሊትር፣ 1,800 ዋት» ይላል እንበል። 200 በ10 ሲባዛ 2,000 ነው። ለ600 ሲካፈል 3.3 ኪሎዋት ይሆናል። ሞተሩ ግን 1.8 ብቻ ነው። 1.8 ኪሎዋት የበላ ማሽን 3.3 ኪሎዋት አይሠራም። በሬው ከበላው ድርቆሽ በላይ እበት አይጥልም።

ሻጩ መልስ አያጣም፦ «ሁለቱም ከፍተኛው ቁጥር ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው ይቀንሳል» ይላል። ይህ እውነት ነው። ከፍተኛው ግፊትና ከፍተኛው የውሃ መጠን በአንድ ጊዜ አይገኙም። እንግዲያው አብረው የሚገኙትን ሁለት ቁጥሮች ይንገር። ይህ «የሥራ ግፊት» ይባላል፤ ደህና አምራች በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመመሪያው ውስጥ ያሰፍረዋል። የሥራ ግፊቱ የትም ካልተጻፈ ትልቁ ቁጥር ማስታወቂያ ነው ማለት ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የጀርመኑ ካርቸር ለቤት ከሚሠራቸው ትንንሾች አንዱ የሆነው ኬ2 ሞተሩ 1,400 ዋት ነው፤ ግፊቱ እስከ 110 ባር፣ ውሃው በሰዓት እስከ 360 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 6 ሊትር ነው። 110 በ6 ተባዝቶ ለ600 ሲካፈል 1.1 ኪሎዋት ይመጣል። ከ1.4 በታች ነው፤ ሒሳቡ ይገጥማል። ይህ ግዙ ለማለት አይደለም። ትንሽ ቁጥር የጻፈው ሳጥን ከትልቁ ይልቅ ሐቀኛ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ደግሞስ 200 ባር ለምን? ለባጃጅና ለመኪና ከ80 እስከ 110 ባር፣ ውሃውን በሰፊው ከሚረጭ ጫፍ ጋር፣ ይበቃል። ለተነጠፈ ድንጋይና ለሲሚንቶ ወለል 120 ወይም 140 ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ በላይ ቀለም ይልጣል፣ የጎማ ጎን ይቀዳል፣ ውሃ የማይገባበት ቦታ ውሃ ያስገባል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይማ ጭራሽ አይሞከርም። ጭድ የተቦካበት ምርጊት በማሽን ውሃ ፊት ቆሎ ነው፤ የአንድ ሳምንት ልስን በአንድ ደቂቃ ይረግፋል።

የአባይ ልጅ ውሃና የማሽን ጉሮሮ

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት እንደ ደጀን የሚስማማው ከተማ የለም። ወንዙ ከከተማዋ በታች በገደሉ ሥር ይፈሳል፤ ከተማዋ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ይህ ከፍታ ለእይታ ያማረ ነው፤ ለማሽን ግን ዋጋ አለው።

ባለቤንዚኑን ማሽን እንውሰድ። መብራት ሲጠፋ ይሠራል ተብሎ ነው የሚሸጠው። የቤንዚን ሞተር ግን በየ300 ሜትሩ ሽቅብ ከ3 በመቶ የማያንስ ኃይል ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። ደጀን ላይ ሩብ ያህሉ ተነነ ማለት ነው። ካርብሬተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚን ይበላል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሦስት አራተኛ ማሽን ይዞ ይሄዳል። የኤሌክትሪኩ በከፍታ ይህን ያህል አይጎዳም፤ የእሱ ጠላት ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነገር መምጠጥ ነው። ብዙ ሻጭ «ከጀሪካንም ይመጣል፣ ቧንቧ አይፈልግም» ይላል። ፓምፕ ውሃ የሚመጥጠው በአየሩ ግፊት እርዳታ ነው፤ በደጀን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የቤት ማሽን ከመጀመሪያውም ደካማ መጣጭ ነው። መሬት ላይ ካለ ጀሪካን ወደ ላይ ሲመጥጥ አየር ይቀላቅላል፤ ፓምፑ ይንቀጠቀጣል፤ ጎሚኒው ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሮቶው ወይም በርሜሉ ከማሽኑ በላይ ይቀመጥ፤ ውሃው በራሱ ክብደት ይውረድ።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ አንድ ፈተና አለ፤ ሳንቲም አያስወጣም። ማሽኑ የሚገናኝበትን የውሃ ጎማ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከቶ በስልክ ሰዓት መያዝ ነው። ጀሪካኑ በሁለት ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ይመጣል ማለት ነው፤ ለማንኛውም ትንሽ የቤት ማሽን ይበቃል። አራት ደቂቃ ከፈጀ 5 ሊትር ብቻ ነው፤ በደቂቃ 6 ሊትር የሚፈልግ ማሽን በዚያ ቧንቧ ላይ ሁልጊዜ እንደተጠማ ይሠራል፤ እንደተጠማም ይሞታል። ችግሩ የቧንቧው እንጂ የማሽኑ አይደለም፤ ባለ 200 ባሩን ቢያመጡት ያው ነው።

ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያው ውሃ አየር፣ ዝገትና ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። ያንን በቀጥታ ማሽን ውስጥ መክተት አሸዋ እያኘኩ እንጀራ እንደመብላት ነው። ውሃው እስኪጠራ ይፍሰስ፤ ለአትክልት ወይም ለመጸዳጃ ይሁን። ማሽኑ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሿ የወንፊት ማጣሪያ ደግሞ ጌጥ አይደለችም። «ውሃውን ታሳንሳለች» ብሎ አውጥቶ የሚጥላት ሰው አለ። ያ ሰው ማሽኑን በገዛ እጁ አንቆታል።

መብራቱ፦ የማይታየው ገዳይ

የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው ይባላል። ምሽት ላይ አምፖሉ ሲደበዝዝ፣ ምጣዱ አልግል ሲል ያየ ሰው ግን ሁልጊዜ 220 እንዳልሆነ ያውቃል። በዚህ ላይ ግቢ ድረስ 30 ሜትር ቀጭን ኤክስቴንሽን ይዘረጋል። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ በ30 ሜትር ርቀት 10 አምፒር ሲሸከም 10 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል። ባለ 2.5 ቢሆን ግን 4 ቮልት ያህል ብቻ ነው የሚበላው። መስመሩ ቀድሞውንም ደክሞ ከነበረ ያቺ 10 ቮልት ሞተሩ ተነስቶ እንዳይዞር ታደርገዋለች፤ እያጓራ ይግላል፤ የተቃጠለ ሽታ ይሸታል።

ስለዚህ የጎደለውን በሽቦ ሳይሆን በውሃ ጎማ ማስረዘም ይሻላል። ማሽኑ ሶኬቱ አጠገብ ይሁን፤ የሚረዝመው ጎማው ይሁን። ኤክስቴንሽን ግድ ከሆነ ወፍራም፣ ሙሉ በሙሉ የተፈታ እንጂ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አይሁን፤ የተጠቀለለ ሽቦ ይግላል። ማከፋፈያው ውሃ የሚፈስበት መሬት ላይ አይጣል። የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ በእርጥብ እግር ቆሞ ማሽን መያዝ ከሞት ጋር መጫወት ነው። የመሬት መስመርና መብራት ሲያፈተልክ ቆርጦ የሚያጠፋ ፊውዝ ማስገባት ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ የሚታሰብ ወጪ ነው። «በኋላ አስገባለሁ» የሚባል ነገር የለም።

የቤት ማሽን ላቫጆ አይሆንም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው። ትንሿ ማሽን ለቤት ተብላ ትገዛና ከሳምንት በኋላ በር ላይ ትወጣለች። ልጁ የጎረቤት ባጃጅ ያጥባል፤ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት ይመጣል፤ በወሩ ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠራ ላቫጆ ትሆናለች። ሥራ መፍጠሩ የሚደነቅ ነው። ማሽኗ ግን ለዚያ አልተሠራችም።

ቀላሏ የቤት ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ካርቦን ሞተር ናት። ትጮኻለች፣ ትፈጥናለች፣ ቶሎ ትግላለች፤ ካርቦኗ እየተበላ ያልቃል። ጥቂት ሠርታ እንድታርፍ ነው የተሠራችው። ካርቦን የሌለው ከባዱ ሞተር ድምፁ ዝግ ያለ፣ ክብደቱ ሁለት ሰው የሚያሸክም፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ፓምፑም እንዲሁ ነው፤ የርካሹ ጭንቅላት ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ነው፤ የሥራው ማሽን ነሐስ ነው፣ ዘይት አለው፣ ተፈትቶ ይጠገናል። ሻጩ ፊት ማሽኑን ብድግ አድርጎ መመዘን ብቻ ብዙ ይናገራል። «ለላቫጆም ይሆናል» ተብሎ በአንድ እጅ የሚነሳ ማሽን ከተሸጠ፣ የተሸጠው ውሸት ነው።

የላቫጆ ልጅ የሚገዛው ማሽን የወር ገቢው ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወዴት እንደወጣ ሁሉም በኪሱ ያውቀዋል። ከ2015 ጀምሮ በክልሉ ባለው ጦርነት ደግሞ የጎጃም መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ኖሯል። ድሮ «ሲበላሽ ሌላ እገዛለሁ» ይባል ነበር፤ «አዲስ አበባ ልኬ ዕቃ አስመጣለሁ» ይባል ነበር። ዛሬ ሁለቱም በሮች ጠበዋል። የአንድ ብር ጎማ ቀለበት የምታህል ኦሪንግ አጥታ የቆመች ማሽን አንድ ቤተሰብ ጾሙን ሊያሳድር ትችላለች። «ድሃ ርካሹን ካልገዛ ምን ይግዛ?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ርካሹን ሁለት ጊዜ የመግዛት አቅም የሌለው ድሃው ነው።

ማን ይግዛ፣ ማን ይተው

ሐቁን ለመናገር ብዙ ሰው ጭራሽ መግዛት የለበትም። አንድ ባጃጅ ወይም አንድ የቤት መኪና በሁለት ሳምንት አንዴ የሚያጥብ ሰው ባልዲና ስፖንጅ ይበቃዋል፤ ሁለት ሦስት ጀሪካን ውሃ ይጨርሳል። የቀረውን ገንዘብ ሰፈር ላለው የላቫጆ ልጅ ቢሰጥ ማሽንም አይገዛ፣ እጁም አይርስ።

ማሽን ውሃ ያባክናል የሚለው ወቀሳ ግን በደፈናው ልክ አይደለም። ክፍት የተለቀቀ የውሃ ጎማ በደቂቃ 15 ሊትር ቢያወርድ በ20 ደቂቃ 300 ሊትር ነው፤ 15 ጀሪካን። በደቂቃ 6 ሊትር የሚረጭ ማሽን እጀታው ተጨብጦ ለ10 ደቂቃ ቢሠራ 60 ሊትር ነው፤ 3 ጀሪካን። ስለዚህ ባካኙ ጎማ ለቅቆ ወሬ የያዘው ሰው ነው። ጎረቤት ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ በያዘበት ቀን ግን 60 ሊትሩም ቢሆን ያስተዛዝባል። ቦኖ ውሃ ላይ እናቶች ቆመው እያዩ አጥሩን በማሽን የሚያጥብ ሰው፣ ሒሳቡ ልክ ቢሆንም አድራጎቱ ልክ አይደለም።

መግዛት ያለበት አይሱዙ ወይም ከአንድ በላይ ተሽከርካሪ ያለው፣ ሰፊ ድንጋይ ንጣፍ ያለው፣ ዶሮ ወይም ከብት የሚያረባና ቤታቸውን አዘውትሮ የሚያጸዳ ሰው ነው። የዋልካ ጭቃ የተጣበቀበትን የጭነት መኪና ሥር በባልዲ አጥቦ የጨረሰ የለም። እሱ ይግዛ፤ ግን ጠይቆ ይግዛ።

ገዳዩ ባለቤቱ ሲሆን

ሻጩ ብቻ ተወቅሶ አይቀርም። ደህና ማሽን ገዝቶ በሦስት ወር የሚገድል ባለቤት ሞልቷል። አገዳደሉም ይታወቃል።

ውሃ ሳይገባ ማስነሳት የመጀመሪያው ነው። የፓምፑን ጎሚኒ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው፤ በደረቅ የዞረ ፓምፕ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጎሚኒውን ያቃጥላል። ትክክሉ ውሃውን መክፈት፣ እጀታውን ጨብጦ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ ማብራት ነው። ሲጨርሱ በተቃራኒው ነው፦ ማጥፋት፣ ውሃውን መዝጋት፣ እጀታውን ጨብጦ የታመቀውን ግፊት ማስወጣት፣ ጎማውን ነቅሎ ውስጡ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ።

ሁለተኛው እጀታውን ለቅቆ ማሽኑን እንደበራ ትቶ ሻይ መጠጣት ነው። በራሱ የሚያቆም ማብሪያ በሌለው ማሽን ውስጥ ያው ውሃ ሲሽከረከር ይፈላል፤ ጎሚኒው ይቀቀላል። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ የሚያርፍ ሰው ማሽኑን ያጥፋ።

ሦስተኛው በማሽኑ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ መክተት ነው። በደንብ ያልሟሟ የዱቄት ሳሙና ጫፉን ይደፍናል። በረኪና ጎሚኒ ይበላል፣ ብረት ያዝጋል። ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ በማሽን መርጨት ደግሞ እሳት መጥራት ነው። የሞተር ግራሶ በብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ይለቀቅ፤ ማሽኑ ያለቅልቅ።

አራተኛው ለደጀን የተለየ ነው። ከአባይ ሸለቆ ሽቅብ ወጥቶ የደረሰ መኪና ሞተሩና ጭስ ማውጫው ግለዋል፤ ቁልቁል በፍሬን የወረደውም ከበሮው እሳት ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በግፊት መልቀቅ ብረት ያጣምማል፣ ይሰነጥቃል። ሹፌሩ ቢቸኩልም ቡና ይጠጣ፤ መኪናው ይቀዝቅዝ። ጎማ ሲታጠብም ጫፉ ከ30 ሳንቲ ሜትር አይቅረብ፤ በቅርብ የተመታ ጎማ ውስጡ ተጎድቶ በኋላ መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ያ መንገድ ደግሞ ወደ ገደል የሚመለከት ነው።

ከዚህ ያለፈው ጥበቃ ቀላል ነው። ማጣሪያዋን ከየሥራው በኋላ ማጠብ። ውሃው እየተቆራረጠ ሲመታ ጫፉን በቀጭን መርፌ መጥረግ። ጨው የሚያበዛ ውሃ ባለበት ቦታ አልፎ አልፎ ኮምጣጤ የተቀላቀለበት ውሃ አሳልፎ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ዘይት ያለው ፓምፕ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ 50 የሥራ ሰዓታት በኋላ መቀየር፣ ከዚያ መመሪያው እንደሚለው መቀጠል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ጎሚኒው ይለወጥ፤ «ትንሽ ይሥራ» ማለት ፓምፑን መቅበር ነው። ብዙ ጊዜ የማይሠራበት ማሽንም በወር አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ይዙር፤ አለዚያ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ይጣበቃል።

ከማሽኑም በላይ ሰው አለ። ይህ ውሃ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳዋ እንደ እሾህ ውጋት ትንሽ ናት፤ ውስጥ ግን ሥጋውን ያበላሻል፣ እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። በማሽን ውሃ የተወጋ ሰው ባይደማም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ። ማሽኑን ሕፃን አይያዝ፤ በቀልድም ወደ ሰው፣ ወደ ውሻ አይዙር።

ጥያቄው ለሻጩም፣ ለቢሮውም

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅም ይችላል። የተሰጠው ቀን ግን አጭር ነው፤ ማስረጃም ይጠይቃል። ደረሰኝ ሳይቀበል «ቫቱ ይቅርልኝ» ብሎ በቅናሽ የገዛ ሰው ያንን መብቱን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቶት ነው የወጣው።

1.8 ኪሎዋት ሞተር ላይ 200 ባር በ10 ሊትር ብሎ የሚያትም ሳጥን ትክክለኛ መረጃ አይደለም። ይህን ለመያዝ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አራት ዓመት ሒሳብ የተማረ ተቆጣጣሪ በስልኩ ይይዘዋል። ዘይትና ስኳር ሲደበቅ ሱቅ የሚያሽግ የንግድ ቢሮ፣ የቤተሰብ ጥሪት ስለሚበላ የውሸት ቁጥር ዝም ማለቱ አያስመሰግነውም። አስመጪውም ሺህ ማሽን ሲያስገባ መቶ የጎሚኒ ጥቅል አብሮ ማስገባት ቢከብደው፣ የሚያስገባው ማሽን ሳይሆን የነገ ቆሻሻ ነው። ለወጣቶች የላቫጆ ብድር የሚያጸድቅ አካል ደግሞ በብድሩ ውስጥ የመለዋወጫ ገንዘብና የአንድ ቀን ሥልጠና አብሮ ያስላ። ማሽኑ ሲሞት ብድሩ አብሮ አይሞትም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን የገዢው አፍ በእጁ ነው። መርካቶ የሚገባ የደጀን፣ የቢቸና ወይም የሞጣ ሰው «ስንት ባር ነው?» ብሎ አይጀምር። አራት ነገር ይጠይቅ፦ የሥራ ግፊቱና ሊትሩ አብረው ስንት ናቸው? ሞተሩ ባለ ካርቦን ነው ወይስ ያለ ካርቦን? የፓምፑ ጎሚኒ፣ ኦሪንግ፣ ማጣሪያና ጫፍ አሁን እዚህ መደርደሪያ ላይ አለ? ደረሰኝ ይቆረጣል? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «ይመጣል፣ አያስቡ ጋሼ» የሚል መልስ ከመጣ ሱቁን አመስግኖ መውጣት ነው። ዕቃው ካለ ደግሞ አንድ ጥቅል ጎሚኒና ኦሪንግ፣ አንድ ትርፍ ማጣሪያ፣ አንድ ትርፍ ጫፍ፣ ባለ ካርቦን ከሆነም አንድ ጥንድ ካርቦን ከማሽኑ ጋር በዚያው ቀን ይገዛ። መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ የለም።

ማሽን ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ወይም ላቫጆ ሊከፍት ያሰበ ልጅ ያላችሁ፣ ገንዘቡን ሳያወጣ ይህን አንብቡለት።